ነጭ መቀነት የታጠቀው እንግዳ

ልጄ ደሳለ ላሊበላ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሲከፍት መግቢያው ላይ ባሕር አቆመ። በመስታወት ሣጥን ነው። ዓሣው ከጅቡቲ፣ ጨውም ከጅቡቲ፣ ውሃው ብቻ የኛ።

«የባሕር ሰው ድንጋይ ሊያይ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አንተ ባሕር ታሳየዋለህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ፎቶ ያነሡታል» አለኝ።

እውነትም አነሡት። እኔንም ሊያነሡ ሲሉ በከዘራዬ መለስኳቸው፤ ዝንጀሮ አይደለሁም።

ከዚያ እንግዳ ጠፋ። በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ አለፈ ሲባል ሌላው ተተካ። ትልቁ ልጄ አረጋ በጦርነቱ በዚያው ቀረ። ደሳለ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ልቡ ሸፈተ። እንደ ጓደኞቹ ሳዑዲ ልሻገር አለ። እጁን ይዤ ገነተ ማርያም ወሰድኩትና አስማልኩት። «እዚህ ቤት እንግዳ እስካለ ድረስ ጥዬሽ አልሄድም» ብሎ ማለ። ተንኮለኛ! እንግዳ እንደሌለ ያውቃል። የወለድኩት እኔ አይደለሁ? ቤት ስንገባ ወደ መስታወቱ ጠቆምኩት። ከዓሣዎቹ የቀረው አንድ ነበር፤ ብርቱካን የመሰለ፣ እንደ ባላገር ሴት ነጭ መቀነት የታጠቀ።

«እንግዳማ አለ። ያውልህ።»

«ዓሣው?»

«ካገሩ ርቆ መጥቶ ቤትህ የሚያድር፣ እህልህን የሚበላ፣ ምን ይባላል? አማትህ ነው?»

ሳቀ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ዓሣውን ሲያይ ቆየ። መሐላ ከወጣ ወጣ ነው፤ ማርያም ፊት የማለ ሰው ደግሞ አይቀልድም።

እንዲህ አድርጌ ልጄን ጣት በማትሞላ ዓሣ ላይ አሰርኩት። ዓሣ ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ዓይኑን የማይጨፍን ፍጥረት ደስ አይለኝም።

ባለፈው ክረምት ዓሣው መብል ተወ፤ ጥግ ይዞ ማለክለክ ጀመረ። ደሳለ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ጠብታ ጨመረበት፤ ውሃው እንደ በሬ ደም ቀላ።

«ናይትሬት ነው» አለ።

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«የራሱ ኩስ ነው። ውሃው ውስጥ እየተጠራቀመ ነው የሚገድለው።»

«እና ድፋውና ሌላ ቅዳለት!»

«በምን ጨው? ጨው አልቋል፤ የጅቡቲውን በየጊዜው ለመግዛት አቅም የለንም። የገበያው ደግሞ አይሆነውም።»

ከመስታወቱ ሥር ካለው ቁም ሣጥን ዕቃውን አወጣና ሌላ ትንሽ ገንዳ አስገባበት። ውሃው ከላይ ወርዶ በሱ አልፎ በሞተር ተመልሶ እንዲወጣ አደረገው፤ በላዩም መብራት ሰቀለ። «መጠለያ ይባላል» አለኝ። እኔ የማውቀው መጠለያ የተፈናቃይ ነው። የሱ መጠለያ ለሣር ነው። ሣሩ ዓሣው በማይደርስበት አድጎ መርዙን ይመገባል፤ ሲበዛ እያጨዱ መጣል ነው። ይህስ ገባኝ፤ ፍግ የበላ ጎመን እንዴት እንደሚወፍር የሚነግረኝ የለም።

ጭንቁ ምን ይግባበት የሚለው ነበር። ከጅቡቲ ወልድያ የሚመላለሰው ሾፌር፣ ሸዕባን፣ በስልክ ያማርጠናል። አንዱ በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ችግኝ ነው።

«እሱ እስኪያድግ ዓሣው ተዝካሩ ይወጣል» አለ ደሳለ።

ሌላው ቅጠል ያለው ሣር ነው፤ ቶሎ ይበዛል፣ ግን አንድ ቀን በድንገት ይፈርስና የበላውን መርዝ ሁሉ መልሶ ይተፋዋል። እንዲህ ያለ ዘመድ አለኝ። ሦስተኛው እንደ ተወሳሰበ ፈትል ያለ አረንጓዴ ሣር ነው፤ ቀስ ብሎ ይበላል፣ አይከዳም። ደሳለ እሱን መረጠ። ከባሕር ድንጋይም ትንሽ ጨምርልኝ አለው።

«ድንጋይ ከጅቡቲ? ላሊበላ ተቀምጠህ?»

«የባሕሩ ውሃ የሚያጠራ ነፍሳት አለበት፤ የኛ ድንጋይ ሕይወት የለውም፣ እማዬ።»

«ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለበትን ድንጋይ ነው ሕይወት የለውም የምትል? አፍህን አማትብ!»

ሸዕባን ሣሩን ጭኖ ወልድያ ደረሰ። መንገዱ ግን ተዘጋ። ተኩስ ነው አሉ፤ በፍላቂት በኩል ሚኒባስ አያልፍም። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ሣሩ እዚያው በጀሪካን ቀረ። ዓሣው በጎኑ መዋኘት ጀመረ። ደሳለም ውሃውን መለካት ተወ።

እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ደብራችን ግቢ ውስጥ ከዓለት የተፈለፈለ ገንዳ አለ፤ መካን ሴቶች በልደት በገመድ ታስረው የሚነከሩበት። ውሃው አይፈስም፣ አይቀዳም፣ ላዩ ግን ሁልጊዜ አረንጓዴ ሣር ለብሶ ይኖራል። ያን ያህል ዘመን ቆሞ ያልሸተተ ውሃ፣ ያ ሣር ባይጠብቀው ነው? ጀሪካኔን ይዤ ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አሉኝ መሪጌታ ኢያቄም።

«ለዓሣ።»

«ወይዘሮ ይማርሽ፣ ለሴት እንጂ ለዓሣ ሰምቼ አላውቅም።»

«መውለድ አይደለም የቸገረው፣ መሪጌታ። እርስዎ ይባርኩት፣ የቀረውን ለኔ ይተዉት።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ባረኩልኝ። ሣሩን ገፍፌ በጀሪካን ቤት አደረስኩት። ደሳለ ሣሩን በጣቱ አነሣ። በድንጋዩ ነገር ያን ያህል የተከራከረኝ ልጅ አሁን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ።

«ጨምሪው» አለ።

«አንተ ጨምር እንጂ፤ ቦታውን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«አይ፣ ባንቺ እጅ ይሁን።»

በረከት የፈለገ መስሎኝ በገዛ እጄ አስገባሁት።

ሳይሰነብት ሣሩ ቡኒ ሆነ፣ ቀጥሎ ንፍጥ ሆነ። ቤቱ እንደ ሞተ በግ ሸተተ። አንድ ጧት መቀነት የታጠቀው እንግዳችን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ያኔም ዓይኑ አልተጨፈነም።

«ሣሩን ምን ነካው?» አልኩ።

«ጨው ነዋ። ጨው በሌለበት ውሃ ያደገ ሣር በባሕር ውሃ አይኖርም። ሲሞት ደግሞ እሱም መርዝ ነው የሚሆን።»

«ይህን መቼ አወቅህ?»

ዓሣውን በማንኪያ አወጣና በጨርቅ ጠቀለለ።

«አንተ ደሳለ! ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እኔ እንግዳዬን አልገደልኩም፣ እማዬ። መሐላዬንም አላፈረስኩም።»

ከኔው የተማረው ነው። እኔ ዓሣን እንግዳ ካልኩ፣ እሱ በኔ እጅ ቢፈታ ምን ይገርማል? ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ዓይኑን ሳየው ግን የሚሰደብ ሰው አልቀረበትም፤ ልቡ ከወንድሙ ጋር ከሄደ ቆይቷል፣ እኔ ያሰርኩት ቀፎውን ኖሯል። ዓሣውን ከጓሮው ኮሶ ሥር ቀበረው። በሳምንቱ ተንበርክኮ መርቂኝ አለኝ። መረቅሁት። እርግማን መንገድ ላይ ይከተላል፤ ምርቃት ይከተል እንደሁ እንጃ።

መስታወቱን አልደፋሁትም፤ አቅምም የለኝ። ውሃው እየጎደለ ጨው ዳር ዳሩን እየጋገረ ነው።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። ሸዕባን ነው።

«እማማ ይማርሽ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ አልሐምዱሊላህ! ሣሩ እንዳማረበት አለ። ልላከው?»

«ለበግህ አብላው። በግ ጨው ይወዳል።»

«ዓሣው እንዴት ነው?»

«ሞተ።»

«ኢናሊላሂ… ደሳለስ?»

«ዓሣው በመጣበት መንገድ ሄደ።»

ያንን መንገድ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው፤ በረሃው ላይ ስንት ተሻጋሪ ወድቆ እንደሚቀር ያውቃል። ያ ለፍላፊ ሸዕባን፣ አይዞዎት እንኳ አላለኝም።