ለፈታት ባሏ የተላጨች

«ሸፍኚው አልኩሽ! አያ አንለይ እየመጣ ነው።» ሸዋዓለም የልጇን ነጠላ እስከ ቅንድቧ ጎትታ አወረደችው።

ገላነሽ ዳሱ ውስጥ ተሰቅሎ የሚለቀስበትን የማረውን ጋቢ እያየች ነበር።

ማረውን ንዳድ ገደለው፤ ዛሬ ሰልስቱ ነው። ገላነሽን ከፈታት ሦስት ክረምት አልፏል። ማሳውን ለራሱ አስቀርቶ ላሚቱን ለእሷና ለትንሿ ልጃቸው ሲሰጥ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ወረታ ሁሉ ያውቃል። መርዶው ሲደርሳት ግን ምላጭ አነሳች። ራሷን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ እየጮኸች ለቅሶው ቤት ገባች። በፎገራ እንዲህ የምትሆን ሚስት ብቻ ናት። ሸዋዓለም ያን ቀን ሐሙሲት ገበያ ባትወርድ ኖሮ ምላጩን አፈር ውስጥ ትቀብረው ነበር።

«የፈታም ባል እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው አልጣሽ፣ ንፍሮ እያደለች። «እኔ ያልፈታኝም ቢሞት አልላጭ!» ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

አያ አንለይ ከሎሌው ጋር ገባ፤ አለቀሰ፤ እንባውን ጠርጎ ንፍሮውን ቃመ። ከዚያ ፍቺውን ወደ ሸመገሉት ወደ አያ ደሴ ዞረ።

«ይቅር ይበሉኝና፣ የበሬ መግዣ ያበደርኩትን ማን ይከፍለኛል?»

«ማረው ምንም የለው። ማሳውንም ቢሆን አንተው ይዘኸዋል።»

«ላሚቱስ?»

«እሷማ የገላነሽ ናት። ተፋተዋል እኮ።»

«ተፋተዋል? ታዲያ ከነጠላው ስር ያለው የተላጨ ራስ የማን ነው? አብረው ተበደሩ፤ እኔን ለመሸሽ ተፋታን አሉ። ነገ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ እቀርባለሁ፤ ራሷን ያየ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ገላነሽ ያን ምሽት አስታወሰች። ማረው ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንለያይ» አላት። «ማን ናት?» ብላ ጮኸችበት። «ማንም የለችም» አለ፤ አላመነችውም። ሦስት ክረምት ሙሉ ረገመችው። እሱ ግን ሌላ አላገባም። በእናቷ አጥር በኩል ሲያልፍ ቆም ይልና «ልጅቷ ወተት ጠጣች?» ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣውም። እሷ ጀርባዋን ትሰጠው ነበር።

አያ ደሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ አልነግራትም ብዬ ምዬለት ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ በሬዎቹን ሲወስድበት መጥቶ ለመነን። ‹ዕዳው እሷ ላይ እንዳይወድቅ አፋቱን፣ ላሚቱ ለልጄ ትቅር› አለ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷም ሰማች።

«ታዲያ ይህን ለአያ አንለይ ይንገሩታ!» አለች ሸዋዓለም በሹክሹክታ።

«ምን ብዬ? ለዕዳው ብለው ነው የተፋቱት ልበል? እሱ የሚፈልገው ይህንኑ አይደል?»

አያ አንለይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። መቃብሩ ላይ ትማል። ማረው ባሌ አልነበረም፣ የተላጨሁት ለይሉኝታ ነው ትበል፤ ላሚቱን እተዋለሁ።»

«ትምላለች!» ሸዋዓለም የልጇን ክንድ ጨበጠች። «በይ ተነሺ፣ የኔ ልጅ። ቃል ነው፣ ምን ይጎድልብሻል? ልጅቷ ምን ትጠጣ? በመጪው ክረምት ምን አፏ ላይ ላድርግላት?»

ገላነሽ ተነሳች። አልጣሽ የንፍሮ ጣባዋን አስቀምጣ አፏን ያዘች። ገላነሽ ጋቢውን አየችው፤ ትከሻው ላይ የጣፈችው እሷ ነበረች፣ ልጅቷ በተወለደች ዓመት።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። አንገቷ ላይ ጣለችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

አያ አንለይ ለሎሌው አገጩን ወደ በሩ ቀሰረ። ሎሌው ላሚቱን ከሸዋዓለም ደጅ ሊፈታ ወጣ።

ሸዋዓለም እንደ ልማዷ ነጠላውን ልትመልስ እጇን ሰደደች። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። የሚሸፈን ነገር አልነበረም። መዳፏን የተላጨው ራስ ላይ አሳረፈችው፤ ሻካራ ነበር፤ እዚያው ተወችው።