አስራ አራት ኪሎ

ጠበቃዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። «ሆስፒታል ስትገባ ስድሳ ስምንት ኪሎ፣ ስትወጣ በሌላ ሚዛን ሃምሳ አራት» አለች። «መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ነው። ሚዛኑ ተሳስቶ ከነበረ፣ አስር ቀን ሙሉ ከልኳ በላይ ተወግታለች ማለት ነው። ጆሮዋን ያሳጣት እሱ ነው ብለን መክሰስ እንችላለን።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለ የሴትየዋ ወንድም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ክፍሉ ውስጥም እንደ ሞተር ያጓራል።

«ሆስፒታሉ ሚዛኑን ጥሎታል። ልክ ነበር ይላል። አብጣ መጥታ ነው፣ እብጠቱ ሲወርድ ከሳች ይላሉ።»

«እህቴ ፊኛ ናት እንዴ?»

ባልየው በሩ አጠገብ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ጭኗ ላይ ባለው ደብተር የሚባለውን የሚጽፍላት እሱ ነው። «ወንድምሽ ተናዷል» ብሎ ጻፈ።

«እሱንማ አያለሁ» አለች። ድምጿን መመጠን ካቃታት ወዲህ ጮክ ትላለች።

«ይሄንን ሰውዬ ይጠይቁት» አለ ወንድምየው። ጋሼ ማለቱን ከተወ ሁለት ወር ሆኖታል። «ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ጆንያ መዝኗል። ለነጋዴ ግማሽ ኪሎ አያሳልፍም፤ እህቴ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ጠፋ።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።»

«ካልሰበሰብኩስ? አንተ አይደለህ ወስደህ ጆሮዋን አስቀምተህ የመለስካት?»

ጠበቃዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገች። «ማሽን ሁሉ ይሳሳታል። በመሳሳቱ ብቻ ማንንም አንከስም። ጥያቄው፣ ስህተቱን ማየት የነበረበት ሰው ለምን አለፈው ነው። ሳትወጣበት በፊት ጠቋሚው የት ላይ እንደነበረ ያየ ሰው ካለ እንከሳለን። ከሌለ፣ አልዋሻችሁም፣ ተዋርደን ነው የምንመለሰው። የመክሰሻው ጊዜ ደግሞ አርብ ያልቃል።»

ባልየው አይቷል። በሚዛን አጠገብ ሲያልፍ ዜሮውን ሳያይ ማለፍ አይችልም፤ ልማድ ነው። ሚስቱ በገባችበት ዕለት ጠዋት ጠቋሚው ማንም ሳይወጣበት አስራ አራት ላይ ተኝቶ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ነርሷ «አባት፣ መንገድ አይዝጉ» ብላ ተቆጣችው። የሆስፒታል ሚዛን የራሱ አሠራር ይኖረው ይሆናል፣ ጆንያ መዛኝ ምን አግብቶት፣ አለና ዋጠው። ስለዚህ ነገር ከፈጣሪው ጋር ብዙ ተነጋግሯል። ለሚስቱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አሁን ከተናገረ ክሱ ይከፈታል፤ እሷም ዝም ማለቱን ታውቅበታለች።

«እኔ አይቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ወንድምየው።

«ሚዛኑ ባዶውን አስራ አራት ላይ ነበር።»

ወንድምየው ሲነሳ ወንበሩ ተገለበጠ። «ይቀመጡ፣ አለዚያ ይውጡ» አለችው ጠበቃዋ፤ ወደ ባልየው ዞራም፣ «ይህን ፍርድ ቤት ይደግሙታል? የእነሱ ጠበቃ፣ እያየህ ለምን ዝም አልክ ብሎ መሳቂያ ያደርግዎታል» አለችው።

«ያድርገኝ።»

«ምን አለ?» አለች ሚስቱ፣ ሦስቱንም እያፈራረቀች እያየች።

ወንድምየው እጁን ወደ ደብተሩ ሰደደ። «ተው» አለ ባልየው፤ «ይሄንን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ጻፈ። ነርሷንም፣ ሐፍረቱንም፣ ዝም ማለቱንም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ጠበቃዋ አዞረች።

«ክሱን ክፈቱ። ምስክሬ እሱ ነው።»

ባልየው እጁን ክንዷ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ክንዷን ሰበሰበች።

«ነርሷስ አታውቀኝም» አለችው፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሰምተዋታል። «አንተ ግን ኪሎዬን ታውቃለህ።»

ጠበቃዋ ባዶ ወረቀት ሳበችና «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ምንም ሳያስቀሩ» አለች። ባልየው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ወንድምየው እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቆ ከእህቱ ጎን ተቀመጠና የሚናገረውን ቃል በቃል ደብተሩ ላይ ይጽፍላት ጀመር።