መሬት ያጣ አምፕሊፋየር

ጋሻዬ ነህምያን አንገቱን ይዞ ከግንቡ ጋር ሲያላትመው፣ ፀደይ ከሳሎን አምፕሊፋየሩ ዝዝዝ ሲል ይሰማታል። ባሏ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚደጋግመው።

«ምኑን ነካህ? ምኑን ነው የነካኸው?»

«ፍላሽ ነው የሰካሁት ጋሼ፤ እናቴን!» ይላል ነህምያ ደም በሞላው አፉ።

ነህምያ ከአዳማ መጥቶ አርባ ምንጭ ተምሮ የተመረቀ፣ ሥራ እስኪያገኝ የግቢያቸውን ሰርቪስ ክፍል የተከራየ ልጅ ነው። ጋሻዬ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከላንቴ ሙዝ እያስጫነ የሚነግድ ነው፤ እጁ እንደ አካፋ፣ ቁጣው ከእጁ የሚቀድም። አምፕሊፋየሩ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ይጮኻል። ጋሻዬ ግን ልብ ያለው በማርያም ዝክር ዕለት፣ ነህምያ ፍላሹን ሰክቶ መዝሙር ከከፈተ በኋላ ነው። አንዱ እንግዳ «ጋሻዬ፣ ውስጡ የንብ ቀፎ አለ እንዴ?» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ጋሻዬ «ልጁ እኔ በሌለሁበት እየገባ ይነካካል፣ ሚስቴም ታስገባዋለች» ብሎ አመነ። እሱ ራሱ የት የት እንደሚያድር ላንቴ ያውቃል፤ ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

ነህምያን እየጎተተ ሰርቪሱ ውስጥ ወረወረውና ከውጭ ቆለፈበት። ዞሮም ፀደይን በጥፊ አጮላት።

«ላንቴ መኪና እየተጫነ ነው፤ ደርሼ እመጣለሁ። ስመለስ ይሄ ነገር ከጮኸ ያንን ውሻ በገጀራ ነው የምከትፈው። ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው።»

ስልኳን ቀምቶ የግቢውን በርም ከውጭ ቆለፈና በሞተሩ ሄደ። ዛቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አምና ጫኖ መንደር የአንድ ጫኝ ሠራተኛ ጣቶችን በዚያው ገጀራ አውርዶ፣ በሽማግሌ ታርቆ የተመለሰ ሰው ነው።

ፀደይ ወደ ቆርቆሮው አጥር ሮጣ ጎረቤቷን እትዬ ወርቄን ጠራች። ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል፤ በቀዳዳው ግን ዓይናቸው ብቻ ታየ።

«ልጄ፣ በባልና ሚስት መሀል ምን ብዬ ልግባ? ማታ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይምጡና ይለምኑት።»

«እስከ ማታ ልጁ ይሞታል እኮ!»

የእትዬ ወርቄ ዓይን ከቀዳዳው ጠፋ። ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎችን ጋሻዬም ቢሆን አያልፍም፤ ችግሩ ሽማግሌ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ መሆኑ ነው።

የቀራት የጩኸቱን ምክንያት ማግኘት ብቻ ሆነ። ፍላሹን ነቀለች፤ ይጮኻል። የዲቪዲውን ገመድ ነቀለች፤ ይጮኻል። ፍሪጁን አጠፋች፣ ድምፁን እስከ ታች አወረደች፤ ያው ዝዝዝ። ሰርቪሱ ውስጥ ነህምያ እያቃሰተ ነው። በንዴት «ምን ሆነህ ነው!» ብላ የአምፕሊፋየሩን የብረት ሽፋን በመዳፏ መታችው።

ጩኸቱ ጠፋ። ክንዷን ግን ጉንዳን የወረረው ያህል ነዘራት። እጇን ስታነሳ ጩኸቱ ተመለሰ፤ ስታሳርፍ ጠፋ። ያጠበችው የሲሚንቶ ወለል ገና አልደረቀም፣ እሷም ጫማ አላደረገችም።

ከማግባቷ በፊት የሠራችበት ወፍጮ ቤት፣ ብረቱ ሲነዝራት ባለቤቱ «መሬት አጥቶ ነው» ብሎ ሽቦ ከመሬት ጋር አስሮለት ነበር። አሁን እንደዚያ ሽቦ የሆነችው እሷ ናት። ፀደይ ገመዱን ተከትላ ስፒናው ጋ ደረሰች። ሦስት እግር ሊኖረው ሲገባ ያለው ሁለት ነው፤ የመሬቱ እግር ከሥሩ ተገንጥሏል። ማን እንደገነጠለው ማሰብ አላስፈለጋትም። የቤቱ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነውና፣ ጋሻዬ ዕቃውን ባመጣ ዕለት «ይሄ ትርፍ ነው» ብሎ ዓይኗ እያየ በፒንሳ ጠምዝዞ ሰብሮታል። በሲቀላ ሰፈር እንዲህ ያላደረገ የለም፤ የካውያውንም የፍሪጁንም እንደዚያው ይሰብሩታል። ጉድ በል ሲቀላ! ራሱ ሰብሮ የሰው ጥርስ ያወልቃል። ንዴቱ የፀደይን እንባ አደረቀው።

ከውሃው ቧንቧ ጋር የምታስረው ሽቦ ፍለጋ ስትነሳ ሞተሩ በር ላይ ቆመ። ሮጣ ተመልሳ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

ጋሻዬ ገጀራውን እንዳንጠለጠለ ገብቶ ጆሮውን ሰጠ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ። ልጁ ምንም አልነካም፤ ገመዱ ነው። ልቀቀው ጋሻዬ፣ በማርያም ይዤሃለሁ።»

በሚዘክራት ማርያም ሲያዝ አቅማማ። ወጥቶ ሰርቪሱን ከፈተ። ነህምያ ቦርሳውን እንኳ ሳይዝ አንድ እግሩን እየጎተተ በበሩ ወጣ። ፀደይ በመስኮቱ እያየችው እጇን አላነሳችም፤ ልጁ ገና አስፋልቱ ላይ አልደረሰም።

«ምን ገትሮሻል? ምሳ አቅርቢ እንጂ!» አለ ጋሻዬ ተመልሶ። አልንቀሳቀስ ስትለው ክንዷን ይዞ ጎተታት።

ዝዝዝ።

እጇን አየ፣ አምፕሊፋየሩን አየ። መዳፏን ይዞ ብረቱ ላይ ጫነው፤ ጸጥ አለ። አነሳው፤ ጮኸ። ያኔ ከልቡ ሳቀ።

«ለካ መድኃኒቱ አንቺው ነሽ! እንግዲያው እዚሁ ቆመሽ ትውያለሽ። ካነሳሽው እቆርጠዋለሁ። ያታለለኝን ውሻም ማታ መናኸሪያ አላጣውም።»

ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። ገጀራውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ እጁን ሰዶ የተነቀለውን ፍላሽ መልሶ ሰካ፣ ሙዚቃ ከፈተና ዓይኑን ጨፈነ። የፀደይ ክንድ እስከ ትከሻዋ ደንዝዟል። ስትፈራው ኖራለች፣ ስታዝንለትም ኖራለች። አሁን ግን ጠላችው፤ ጥላቻው ደግሞ ቀለላት። ክፍት በቀረው በር አሻግራ አየች። ነህምያ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛ እጇን አምጥታ አምፕሊፋየሩን ከሥሩ አቀፈችው። ገመዶቹ ተመንግለው ሙዚቃው ሲቋረጥ ጋሻዬ ዓይኑን ገለጠ፤ ብረቱ አናቱ ላይ ወርዶ ነበር። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ፣ እጁ ግን ገጀራውን ፈለገ። ደገመችው። እጁ መፈለጉን ተወ።

ደም በነካው ቀሚሷ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ሱቅ ሄደች። እዚያ የቆሙት ወንዶች ዞረው አዩዋት።

«ባሌን መትቼዋለሁ፤ ሄዳችሁ አንሱት» አለች። «እኔ ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ነው።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለ ሱቋ ሔርሜላ ግን ከመደርደሪያዋ ኋላ ወጥታ ነጠላዋን በፀደይ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና ሱቋን ሳትዘጋ አብራት መንገድ ጀመረች።