አልጋ ያላት መኪና ጮቄ ሥር ስታድር

ከጉዞው በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ ደብሪቱ የመኪና ወንበር ላይ ጥቂት ከተቀመጡ ወገባቸውን ይይዛቸዋል፤ ጋደም ሲሉ ይለቃቸዋል። በዚህ የተነሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደብረ ማርቆስ ወጥተው አያውቁም። መርጡለ ማርያም ሄደው የሚያደርሱት ስለት ግን አለባቸው፤ በዓሉ ጥር ሃያ አንድ ነው፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ማደሪያ አይገኝም። የልጅ ልጃቸው ወንጌላዊት ያረጀ ሚኒባስ ገዝታ፣ የኋላ ወንበሮቹን በሙሉ አስነቅላ ሁለት አልጋ አሠራችበት፤ ሰፊው ለአያቶቿ፣ ጠባቡ ለራሷ። የጋዝ ምድጃውና የውኃ ጀሪካኑ በሩ ጥግ ታስረዋል። ያልታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እማማ ደብሪቱ በዚያ አልጋ አድረው በደህና ይነሳሉ ወይ? ካልሆነ ስለቱ ለከርሞ ይቆያል። በእሳቸው ዕድሜ ከርሞን ማን አይቶት?

ስለዚህ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ለሙከራ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ወዳለው ጥብቅ ሥፍራ ወጡ። እማማ ደብሪቱ መንገዱን ሁሉ በጀርባቸው ተኝተው፣ በመስኮቱ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ሄዱ።

«ሬሳ መሰልኩ እኮ» አሉ።

«ሬሳ እንዲህ አይለፈልፍም» አሏቸው ባላቸው የኔታ ወልደ ገብርኤል ከፊት ወንበር።

ለአዳሪ የተፈቀደው ሜዳ ጅባራ የሚሉት ረጅም የውርጭ አገር ተክል የበቀለበት ነው። ከዳር የጥበቃው የደመላሽ ቤት አለ። ወንጌላዊት ለጎማው ድንጋይ ስታስደግፍ የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ አጥሩ አመሩ። ከሰው ደጅ ሳያስፈቅዱ ማደር ለእሳቸው ከስርቆት አይሻልም።

«ቤቶች! ከደጃችሁ ልናድር ነውና ፍቀዱልን!»

ደመላሽ ወጣ። «ደጄ ላይ? ቤት እያለኝ?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከየኔታ እጅ ወጣ። ወንጌላዊት ቀና ስትል ጭስ ከጣራው ይወጣል፤ የደመላሽ ሚስት ወለተ ሐዋርያት ለእግር መታጠቢያ ውኃ ጥዳለች፣ መደቡ ላይ አጎዛ እያነጠፈች ነው።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ? አስፈቀድሁ።»

«የሜዳውን ፈቃድ እኮ ከቢሮ ይዣለሁ!»

«ቢሮ የሰው ደጅ ያውቃል?»

«መደብ ላይ ካደሩማ አልጋውን ምኑን ሞከርነው? ጥር ደረሰ እኮ!»

«ታዲያ እምቢ ብዬ ሰውየውን ላዋርደው?» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር። ጥፋታቸው ገብቷቸዋል።

እማማ ደብሪቱ ከአልጋው ላይ ሆነው ሰሙ። «አንቱ ሰውዬ፣ በአፍዎ ያሰሩትን እኔ ልፍታው። ሰውየውን ጥሩልኝ።»

ደመላሽ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ደብሪቱ አላድበሰበሱም። ስለታቸውን፣ ወገባቸውን፣ አልጋው ለምን እንደተሠራ ነገሩት። «ዛሬ እዚህ ካላደርሁ እንደምችል አላውቅም። ካላወቅሁ ደግሞ ይቺ ልጅ በዚያ መንገድ ሁሉ ይዛኝ አትሄድም።»

ደመላሽ አልጋውን አየ፣ ሜዳውን አየ።

«ለእመቤቴ ማርያም ከሆነ እኔ ምን አፍ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እግር መታጠቡና ራቱ የኔ፣ አዳሩ የእሷ ይሁን። ግን እንግዳዬ ሜዳ ላይ አድሮ እኔ ቤቴ ተኝቼ ቢነጋ አገሩ ምን ይለኛል? እኔም አብሬያችሁ አድራለሁ።»

«ቦታ የለም» አለች ወንጌላዊት።

«የፊት ወንበሩስ?»

«ውሰዱልኝ እቴ!» አለች ወለተ ሐዋርያት ከደጃፏ። «ዛሬ እንኳ ልጆቼ ያለ እሱ ማንኮራፋት ይተኙ!»

እንደተባለው ሆነ። እግራቸውን ታጠቡ፣ ጾም ነውና ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ በሉ፤ ደመላሽም ካፖርቱንና ዱላውን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ገባ።

ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ወንጌላዊት ቀድማ ወጥታ የአያቷን እጅ ለመያዝ በሩ ላይ ቆማለች። የኔታ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ይሄ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ ሲፈጭ አደረ» አሉ።

«የቱ ሰው?» አሉ እማማ ደብሪቱ ከብርድ ልብሱ ሥር። «እኔ አንድም አልሰማሁ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወደ በሩ መጡ። ወንጌላዊት እጇን ዘረጋች።

«ተይኝ፤ እንየው።»

የበሩን ዳር ይዘው አንድ እግራቸውን አወረዱ፣ ሌላውን አስከተሉ፤ ወገባቸውን ሳይይዛቸው ውርጩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያለ ማንም እጅ የወረዱት ከፍታ፣ ከበሩ እርከን እስከ መሬት፣ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው።