የሩቂያ መንጋጋ

ሳዲቅ ሙዙን በጣቱ እየቆረሰ ለእህቱ ለሩቂያ ያቀብላታል፤ እሷም በሻሿ ሥር እየተቀበለች ታላምጣለች። የታች መንጋጋዋ ወደ ፊት ስለወጣ የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም፤ መግመጥ አትችልም። ሰው ባለበት ከሳዲቅ እጅ በቀር ከማንም ተቀብላ አትበላም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከሆሳዕና ወጥቶ ወደ ፎንቆ ይሄዳል። ሳዲቅ ጭን ላይ ባለው ፌስታል ውስጥ የሩቂያ መንጋጋ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ከራጇ ተነስቶ በስሪዲ ማተሚያ ያሳተመው፣ አጥንት የመሰለ የፕላስቲክ ሞዴል። እናታቸው ዛሂራ ስለ ቀዶ ሕክምናው ስትሰማ፣ "አጥንት አስቆርጬ ልጄን አልቀብርም" ብላ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ የሚቆርጥበትን መስመር ሞዴሉ ላይ በሰማያዊ አሰመረና ሰጣቸው። "ለእናታችሁ አሳዩአቸው። አይተው ይፍቀዱ።"

ሾፌሩ ለላም ብሎ ፍሬን ሲይዝ ፌስታሉ ተንሸራተተ። መንጋጋው ወለሉ ላይ ተንከባሎ አወል እግር ሥር ቆመ። አወል በገበያ ሳዲቅን የሚያውቅ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ሩቂያን ግን ተሸፍና እንጂ አይቷት አያውቅም። አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"አንተ ሳዲቅ፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው? የዚህ አገጭ ባለቤት ገና ሆሳዕና እያለ አገጩ ፎንቆ ይገባል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"የማንም አይደለም፣ ጋሽ አወል" አለ ሳዲቅ። "የተማሪዎች ማስተማሪያ ነው።" ከዚያም አብሯቸው ሳቀ። የገዛ ሳቁን ጆሮው ሰማው።

ለሩቂያ ሙዝ ቆርሶ ቢዘረጋላት እጇ አልመጣም። ቁራጩ ጣቱ ላይ ለስልሶ ቀረ። "የእህቴ ነው" ሊል ደጋግሞ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ሳይወጣለት አወል ወረደ።

ዛሂራ በር ላይ ጠበቀቻቸው። "ሐኪሙ ምን አለ?"

"ሳዲቅን ጠይቂው" አለች ሩቂያ። "የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።"

ሳዲቅ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። "የሩቂያ ነው፣ እማ" ብሎ መንጋጋውን አወጣ። ጣቱን በሰማያዊው መስመር ላይ እያስኬደ አስረዳት፤ እዚህ ጋ ይቆረጣል፣ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በትንንሽ ብረት ይታሰራል። ነርቩ በዚህ በኩል ስለሚያልፍ ሐኪሙ መስመሩን ከእሱ አርቆታል።

"ሚኒባስ ውስጥ ይህን ያህል አታውቅም ነበር" አለች ሩቂያ ቀስ ብላ።

ዛሂራ መስመሩን ዳሰሰች። "ከዚያ በኋላ ትገምጣለች?"

"ትገምጣለች።"

ዛሂራ እጇን ከመንጋጋው ላይ አነሳች። "እንግዲያ ውሰዳት።"

"እሱ አይወስደኝም። ከአክስቴ ከረምላ ጋር እሄዳለሁ" አለች ሩቂያ።

"ምን ሆናችሁ?" አለች እናታቸው ተራ በተራ እያየቻቸው።

ሳዲቅ በሞዴሉ ጥርሶች መካከል የሚኒባሱ አፈር መግባቱን አየ። መንጋጋውንና በጆግ ውሃ ይዞ ደጅ ወጣ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣቱ አሸ፤ መስመሩ እንዳይለቅ ዳር ዳሩን ብቻ አጠበ። በሸሚዙ ጫፍ አደረቀው። ከዚያ ገብቶ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው።