የግራው ዕጢ

ወዳጄ ሌስተር የደወለልኝ ሊያስቀኝ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጠው የሞተ አይጥ አልቆበት ለእባቡ ለዲያቆን በሕይወት ያለ አይጥ ሰጠው። ዲያቆን ነክሶ ለቀቀው፤ አይጡም ብዙ ሳይቆይ እግሩን ዘርግቶ ቀረ። በድንጋጤ ነው የሞተው፣ ምስኪን፣ ብሎ ሌስተር ሳቀ። ቅዳሜ የወረዳው ባዛር ላይ በሕዝብ ፊት የእጁን አንጓ ሊያስነክስ እንዳሰበም ነገረኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ዲያቆን ኮብራ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ራሱ ሌስተር ነው። እዚህ ፍሎሪዳ መርዛም እባብ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ብርቅ አይደለም። ፈቃድ ያወጣል፣ ለእባቦቹ ክፍል ይለያል፣ ቆልፎ ይኖራል። የዛሬ ስድስት ዓመት የሌስተር ሚስት ግሌንዳ "ወይ እባቡ ወይ እኔ" ስትለው መርዙን እንዲያስወግዱለት ወደ እንስሳት ሐኪሞች ሮጠ። እነሱም ጤነኛ እንስሳ ለሰው መጫወቻ ብለን አንቆርጥም ብለው መለሱት። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ኦፓል ሐኪም አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ለእንስሳት ሐኪም መቀስ ሳቀብል የኖርኩ ረዳት ነኝ። ግን በእጄ እመካ ነበር። "አንቺ ካልሠራሽልኝ ማን ይሠራልኛል?" አለኝ፤ ይቺ ቃል ልቤን አሳበጠችው። እሺ አልኩት።

ሥራው ከሁለቱም ጉንጭ የመርዙን ዕጢ ቆርጦ ማውጣት ነው። ጋራዤ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የቀኙን በደህና አወጣሁ። ግራው ላይ ስደርስ ደሙ አልቆም አለኝ። ማደንዘዣው እያለቀ ነው፤ እባቡ ጅራቱን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ፈራሁ፤ ዕጢውን እዚያው ትቼ ሰፋሁት። ሌስተር በረንዳው ላይ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ባል ይንጎራደዳል። የእባብ ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፤ የወጣው ዕጢ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ተደርጎ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ማስረጃ መሆኑ ነው። ሁለት ዕጢ የሚጠብቅ ሰው ፊት አንድ ይዤ ልውጣ? ለእራት የገዛሁት የዶሮ ጉበት ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር። ጥፍር የምታህል ቆርጬ ጨመርኩበት። ሰውየው ብልቃጡን ብርሃን ላይ አድርጎ አይቶ ሳመኝ።

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ስድስት ዓመት አለፈ። ግሌንዳ እንደሆነች በዓመቱ ጥላው ሄደች። የቀረው እባቡ ነው፤ እሱም ቢሆን ደህና አልነበረም። ቀኝ ጉንጩ ጎድጉዶ ቀረ፣ ምግቡን ሲውጥ ያሳዝናል። ሌስተር "በቀኙ ስለሚተኛ ነው" ይላል። ግራ ጉንጩ ሙሉ ነው። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ያንን ፊት እያየሁ ሻይ እጠጣ ነበር። ቁስሉ ሲድን የመርዙ መውጫ ተደፍኗል ብዬ ራሴን አታልል ነበር፤ አይጡ ግን ሞተ።

በደወለልኝ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መኪናዬን አስነስቼ ቤቱ ሄድኩ። ሌስተር የእባቦቹ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከፍቶ አስገባኝ። በሩ በራሱ ተመልሶ ይዘጋል፤ ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ሌስተር አንገት ላይ ነው። በየሣጥኑ ላይ አንድ አንድ ካርድ ተለጥፏል፦ የእባቡ ዓይነት፣ የሚያስፈልገው የመርዝ ማርከሻ፣ የሆስፒታሉ ስልክ። የዲያቆን ሣጥን ላይ ግን ካርድ የለም፤ ካርዱን ራሱ ሌስተር ነው የቀደደው። ለኮብራ የሚሆነው ማርከሻ ጊዜው ካለፈ በኋላም አልተካውም፤ ለምኑ ብሎ። የእባብ መያዣው መንጠቆ እንኳ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ሁሉ ያስጣለው የእኔ ብልቃጥ ነው።

አፌን ሳልከፍት ዲያቆንን በባዶ እጁ አውጥቶ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። መልሰው፣ የምነግርህ አለኝ አልኩት። ዕድሜ ልክሽን ፈሪ ነሽ አለኝ። እለምነዋለሁ፣ ይስቃል። ቅዳሜ እንዴት እንደማስነክሰው ላሳይሽ ብሎ በአውራ ጣቱ የእባቡን አፍንጫ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም።

"ሌስተር፣ ተው። የግራው ዕጢ አልወጣም።"

በአገጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብልቃጥ አሳየኝ። "ያውልሽ፣ ሁለቱም።"

"አንደኛው የዶሮ ጉበት ነው።"

ሳቀ። ከዚያ አየኝ። ቀጥሎ የዲያቆንን ፊት አየ፤ ጎድጓዳውን ጉንጭ፣ ሙሉውን ጉንጭ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ እባብ ሲንሸራሸርበት ቅንጣት ያልተንቀጠቀጠው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እባብ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ነገር አይወድም። ዲያቆን ራሱን ቀና አደረገ፣ አንገቱን አሰፋ።

"ኦፓል" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እጄ እምቢ አለኝ።"

ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ሌላ ምንም ስላልነበረ ነው። ክንዴን ከክንዱ አጠገብ ዘረጋሁ። ድንጋጤ አድርቆኝ ስለነበር የእኔ አልተንቀጠቀጠም። ዲያቆን ቆይቶ ቆይቶ አንገቱን አጠበበና ወደ እኔ ተሻገረ፣ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ሌስተር የኋሊት እየሄደ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ በሩም በራሱ ተዘጋ።

በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አየዋለሁ። መንጠቆውን ከግድግዳው አነሳ፤ አንስቶም ቆመ። በዓይኔ ግባ አልኩት። አልገባም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መጥረግ አልችልም። የእባቡ ግራ ጉንጭ የእጄ አንጓ ላይ አርፏል። ከሦስታችን ምንም ያላጠፋው እሱ ብቻ መሆኑን እዚያ ቆሜ ገባኝ፤ አንጀቴን በላው።

"ስድስት ዓመት" አለ ሌስተር ከመስታወቱ ማዶ። አልጮኸም። "ስድስት ዓመት ከእሱ ጋር ቆልፈሽብኝ ኖርሽ።"

ብናገር ደረቴ ይንቀሳቀሳል። ምን ያህል እንዳቆየኝ አላውቅም፤ በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ገብቶ ዲያቆንን በመንጠቆው አነሳው፣ ሣጥኑ ውስጥ መልሶ ቆለፈው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ካርድ መጻፍ ጀመረ። ሁለት አበላሸ። ሦስተኛውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈው፣ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ፣ በሩንም ከፈተልኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ባዛሩ ላይ አልታየም አሉ። ስልኬን አያነሳም። ብልቃጡ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ልጥለው ብዬ ሁለቴ አነሳሁት፣ ሁለቴም መለስኩት።