የቃኘው ነጥብ

«ቃኘው አቮዳ ገባ» አለ የሞተር ጓደኛው አሳፍ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ባንች ራሷን ነቀነቀች። ባሏ ቃኘው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አቮዳ፣ ማለትም ሥራ፣ የገባው እሱ ሳይሆን የሞተሩ ጂፒኤስ ነበር፤ ሌላው ጓደኛው ሽሎሚ የራሱ ሞተር ሳይክል ላይ አስሮ ከሰፈራቸው ከኪርያት ኖርዳው፣ ቃኘው ይሠራበት እስከነበረው የፖሌግ ፋብሪካ ድረስ ያመላልሰዋል።

ይህ ሁሉ መከራ ለእናቱ ለእማማ ማናለሽ ሲባል ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ፣ ታላቁ ልጃቸው ዘመዱ ከውጭ አገር እስኪገባ መርዶው እንዳይነገራቸው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ምክሩ ደግ ነበር፤ ያበላሸው ሟቹ ነው። ጓደኛሞቹ በሞተር ሳይክል በቡድን እስራኤልን ሲዞሩ በየጂፒኤሳቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቃኘው ደግሞ እናቱ እንዳይሰጉ ብሎ የሱን መንገድ ስልካቸው ላይ አስገባላቸው። እማማ ቴል ሞንድ ከተማ ቤታቸው ሆነው ጠዋት ማታ እሱ ያለበትን የምታሳየውን ቀይ ነጥብ ይጠብቃሉ። ከቆመች ይደውላሉ። ሰሞኑን ሲደውሉም «ሥራ ላይ ነው» ይባላሉ።

ቃኘው የቡድኑ መሪ ነበር፤ መንገድ ግን አያውቅም። መሣሪያዋ «ወደ ቀኝ» ስትለው «ይቺ ደሞ ከየት አባቷ ታውቀዋለች» ብሎ ወደ ግራ ይታጠፋል። አንዴ ገሊላ እወስዳችኋለሁ ያላቸውን ሰዎች በረሃ መሀል አወጣቸው። እዚያው ሻይ አፍልቶ «መጀመሪያም ያሰብኩት እዚህ ነበር» ሲላቸው የሚቆጣው ጠፋ። ባንች ግን «ይሄ ሞተር ይገድልሃል» እያለች አሥር ዓመት ጨቀጨቀችው። እሱ አልጋው ላይ እንደተኛ ልቡ ቆሞ ቀረ። አልጋውን ጠርጥራው አታውቅም።

መርዶውን የምትነግረው እሷው ናት ተብሏል። ስለዚህ የዘመዱ አውሮፕላን ዘገየ ሲባል፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። ያን ቃል ከአፏ የምታወጣበትን ቀን ከቀብሩ ይልቅ ትፈራው ነበር።

በሩ ተከፈተ። እማማ ማናለሽ ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አሳፍ ስልኩን ከጭኑ ሥር ሸጎጠ።

«እማዬ» አለች ባንች፣ ለቅሶ ቤት ሙሉ ሰው እያያት፣ «ቃኘው እኮ የለም፤ አቮዳ ነው።»

«አይቸዋለሁ» አሉ እማማ። «ሰሞኑን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። በቀጥታ ይሄዳል፣ በቀጥታ ይመለሳል። አንዴም አልጠፋም። የኔ ልጅ ከተወለደ መንገድ ሳይስት ውሎ ያውቃል?»

አሳፍን ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ከወዲያ ያሉት አዛውንትም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ካወቁትማ…» አለች ባንች።

«ማወቁንስ አውቄዋለሁ። ሳይነገረኝ ግን አላለቅስም። በወጉ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ባንች ዙሪያዋን አየች። ዘመዱ የለም፣ ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያያሉ። እስከዛሬ ለራሷም ብላው አታውቅም።

«ቃኘው ሞተ፣ እማዬ። ቀበርነው።»

እማማ በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ እንደ ደህናው ጊዜ አጣፍተውት የመጡትን ነጠላ በሐዘን ወግ ሊያዘቀዝቁ ጥለቱን ያዙ፤ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ባንች ከፍራሹ ተነሥታ ነጠላውን ከትከሻቸው አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ መልሳ አለበሰቻቸው።